መንታ መርከቦች፣ ሁለት ሽርሽሮች

ፖለቲካ ሲጽፉ የኖሩ ሰዎች ስለ ሽርሽር መርከብ ሲያወሩ «ምን ነካቸው?» እንደምትሉን እናውቃለን። ወገኖቻችን ለዕረፍት በተነሡ ቁጥር «ከሁለቱ የትኛዋ ትሻላለች?» እያሉ ስለሚጠይቁን ነውና ታገሡን።

«ኦኤሲስ ኦፍ ዘ ሲስ» እና «አሉር ኦፍ ዘ ሲስ» ፊንላንድ ውስጥ ቱርኩ ላይ የተሠሩ መንትዮች ናቸው። አንደኛዋ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ሁለተኛዋ በ2010 ሥራ ጀመሩ። ወደ 360 ሜትር ይረዝማሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ5,000 በላይ መንገደኛና ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ይይዛሉ። አሉር በ5 ሳንቲ ሜትር ትበልጣለች ይባላል፤ እኛ ሜትር ይዘን ስላልሄድን ይለፈን።

በ2011 ከፍሎሪዳ በኦኤሲስ የተነሣነው ከዘመድ አዝማድ ጋር ነበር። ሳምንቱ ሰርግ ቤት ሆነ። ልጆች ከገንዳ ገንዳ ሲዘሉ፣ እናቶች በመርከቧ መሐል እውነተኛ ዛፍ በበቀለበት መናፈሻ ተቀምጠው ወሬያቸውን ሲሰልቁ፣ ባሕሩን ዞር ብሎ ያየው የለም። ላባዲ በተባለ የባሕር ዳርቻ ወርደን ዋኘን፣ በላን፣ ፎቶግራፍ ተነሣን። የረገጥነው መሬት የማን አገር እንደሆነ የጠየቀ ከመሐላችን አልነበረም። ጋዜጠኛ ነን ባዮቹም ጭምር!

በ2013 መገባደጃ በአሉር የሄድነው ግን ከአንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባችን ጋር ብቻ ነው። ያው መተላለፊያ፣ ያው መናፈሻ፣ ያው ምግብ። መርከቧን በቃላችን ስለምናውቃት ሰዎቹን ማየት ጀመርን። ክፍላችንን የሚያጸዳው ፊሊፒናዊ ልጁን ካየ ወራት አልፈውታል። ባልደረባችን በመርከቧ ጀርባ «ናሳው» የሚለውን ጽሑፍ አሳየን። ዋና መሥሪያ ቤቱ ማያሚ፣ ኩባንያው በላይቤሪያ የተመዘገበ፣ ባንዲራው የባሃማስ! ባሕር ላይ በዋናነት የሚገዛው ደግሞ የባንዲራው አገር ሕግ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ የዕረፍት ሰዓትን መለኪያ ላደረገ አገር፣ ዝቅተኛውን ዕረፍት በሳምንት 77 ሰዓት አድርጎታል። ሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ ቀሪው 91 ሰዓት ለሥራ ተፈቀደ ማለት ነው። እንቅልፍም የሚቆጠረው ከዕረፍቱ ነው። ይህ እንግዲህ መሻሻል ተብሎ ነው! ዐረብ አገር ያሉ እኅቶቻችን ይህን ሒሳብ ያለ ወረቀት ያውቁታል።

ላባዲ ስንደርስ አጥሩን አየነው። ቦታው ሰሜን ሃይቲ ነው፤ ኩባንያው ከ1986 ጀምሮ ተከራይቶታል። መንገደኛ ከአጥሩ አይወጣም። በጥር 2010 ርዕደ መሬት ፖርቶፕረንስን ባወደመ በቀናት ውስጥ የኩባንያው መርከቦች እርዳታም ቱሪስትም ጭነው እዚሁ በመቆማቸው ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ባልደረባችን አጥሩን እያየ «እኛስ በመንግሥት ጋዜጣ ስንት የመዝናኛ ምረቃ ዜና አሳልፈናል፤ ከአጥሩ ውጪ ያለውን ሰው የጠየቅነው መቼ ነው?» አለን። መልስ አልነበረንም። ከአንድ ሃይቲያዊ ከእንጨት የተቀረጸ ዓሣ ገዝተን ተመለስን።

ከ2024 ወዲህ በሃይቲ ሁከት ምክንያት የላባዲ ጉዞ በተደጋጋሚ ተቋርጧል። «የትኛዋ ትሻላለች?» ላላችሁን፦ ኦኤሲስ በ2019፣ አሉር በ2025 ታድሰዋል፤ ዋጋ አይታችሁ ምረጡ። ለጽዳት ሠራተኛው ጉርሻ የምትሰጡ ከሆነ ግን በእጁ ስጡት።