ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ የቤተ ሰብ ተግባር

ተላላፊ በሽታ በአገር ላይ በተነሣ ጊዜ የሕመምተኛውና የሟቹ ቍጥር ይጻፋል። ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ቤቱ የተመለሰ ተማሪ ያጣው ጊዜ ግን በማንም መዝገብ አይገባም። ስለዚህ ነገር ለወላጆች የሚጠቅም ጥቂት ቃል ለማቅረብ አስበናል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1665 ዓመት በእንግሊዝ አገር ታላቅ ቸነፈር በተነሣ ጊዜ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን አሰናበተ። ከነዚህም አንዱ የ22 ዓመት ጐልማሳ የነበረው አይዛክ ኒውተን ነው። ይህ ሰው ገና ሳይወለድ አባቱ ሞቶበት ነበርና፥ እናቱ እርሻውን እንዲይዝላት ብላ በልጅነቱ ከትምህርት አስወጥታው ነበር፤ አጎቱና መምህሩ ግን መክረው ወደ ትምህርቱ አስመለሱት። ቸነፈሩ ወደ እናቱ ቤት ወደ ዉልስቶርፕ በመለሰው ጊዜ የማንበብና የማሰብ ፋታ አገኘ። እስከ 1667 ዓመት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ተቀምጦ አዲስ የሒሳብ መንገድን፥ የብርሃንን ቀለማትና ምድር ሁሉን ወደ ራስዋ የምትስብበትን ኀይል መረመረ።

ይህን ሰምቶ «በሽታውስ ለሊቁ በጀው» የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ኒውተንን የጠቀመው ቸነፈሩ አይደለም፤ አስቀድሞ 4 ዓመት በዩኒቨርሲቲ የተማረው ትምህርትና በቤቱ ያገኘው ፋታ ነው እንጂ።

በአገራችንም የኮሮና በሽታ መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየወላጆቻቸው ተሰናበቱ። በአዲስ አበባ የተማሪዎች ማደሪያ ከዐረብ አገር ለተመለሱ ወገኖቻችን ማቆያ ሆነ። ትምህርት በኢንተርኔት ይቀጥል ቢባልም፥ መብራትና የስልክ መረብ ባልደረሰበት ገጠር ለሚኖር ልጅ ነገሩ ወሬ ብቻ ነበረ። እንግዲህ ተማሪውን የመጠበቅ ዕዳ ከመምህሩ ወደ ቤቱ ሰው ተሻገረ።

እኛም የራሳችንን ጥፋት አንሰውርም። በዚያ ወራት ወንድ ልጃችንና ሴት ልጃችን ሁለቱም ከዩኒቨርሲቲ ተመልሰው በቤታችን ነበሩ። ወንዱ መጽሐፉን ይዞ ሲቀመጥ «ዝም በሉ፥ ያጠናል» እንል ነበር፤ እኅቱ መጽሐፍዋን ስትገልጥ ግን «ነይ ቡና አፍዪ፤ ምጣዱን ጣጂ» እያልን እናስነሣት ነበር። አንድ ሌሊት የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ በማድ ቤት በትንሽ መብራት ስታጠና አገኘናት። «ልጄ፥ ለምን አልተኛሽም?» ብንላት፥ «አባባ፥ ቀኑ የእኔ አይደለም» ብላ መለሰችልን። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳነውም። ከማግሥቱ ጀምሮ የቤቱን ሥራ ለሁለቱም አካፈልን፤ ከጧት እስከ ቀትር ያለውም ሰዓት ለጥናት ብቻ እንዲሆን ቈረጥን።

ወላጆች ሆይ፤ እንዲህ ያለ መቅሠፍት ዳግመኛ እንዳይመጣ እንጸልያለን። ቢመጣ ግን ለተመለሰው ተማሪ የሚቀመጥበት ስፍራና የማይነካ ሰዓት ልንሰጠው ይገባል፤ ለሴቲቱም ልጅ ከወንድምዋ ሳናሳንስ። መጽሐፍ ያለውም ለጐረቤቱ ልጅ ያውስ። ትምህርት ቤቱን የሚዘጋው በሽታው ነው፤ ልጆቻችን በቤታቸው ሳሉ ትምህርታቸውን ብናስጥላቸው ግን ጥፋቱ የእኛ የወላጆች ነው።