ከዋክብትን ከርቀት ፎቶግራፍ ማንሳት፦ በእጅ የሚሠሩ የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች አሠራር

ከአቡ ዳቢ ከተማ መብራት ርቆ በሚገኘው የአል ቋዕ በረሃ፣ ጨረቃ በሌለችበት ጥርት ባለ ሌሊት ፍኖተ ሐሊብ ያለ አንዳች መሣሪያ በዓይን ይታያል። ቦታው ሰማይን ፎቶግራፍ በሚያነሱ አማተሮች ዘንድ የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥሩ የሰማይ ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ የበርካታ ሰዓታት ብርሃን መሰብሰብን ይጠይቃል። ቀኑን በሥራ ያሳለፈ ሰው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ከቴሌስኮፕ አጠገብ ቆሞ ማደር ይከብደዋል። ስለሆነም በርካታ አማተሮች በድንኳን፣ በመኪና ወይም በቤታቸው ሆነው ቴሌስኮፑን የሚያዝዙበትን መሣሪያ በገዛ እጃቸው ይሠራሉ።

የመጀመሪያው ፈተና የመሬት መዞር ነው። መሬት ከከዋክብት አንጻር አንድ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው። በዚህም የተነሣ ሰማዩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሩብ ዲግሪ ያህል የሚዞር ሆኖ ይታያል፤ ይህም የሙሉ ጨረቃን ስፋት ግማሽ ያክላል። በቆመ ቴሌስኮፕ ላይ የተገጠመ ካሜራ ለጥቂት ሰከንዶች እንኳ ክፍት ሆኖ ቢቆይ፣ ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ሰረዝ ይሆናሉ።

መፍትሔው ቴሌስኮፑን ከመሬት በተቃራኒ አቅጣጫ፣ በእኩል ፍጥነት ማዞር ነው። ለዚህም የመሣሪያው ዘንግ በሰሜን ኮከብ አቅራቢያ ወዳለው የሰማይ ዋልታ ማነጣጠር ይኖርበታል። የሰማይ ዋልታ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ቦታው ከምድር ወገብ ካለው ርቀት ጋር እኩል ስለሆነ፣ በአቡ ዳቢ 24 ዲግሪ ያህል ሲሆን በአዲስ አበባ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። መሣሪያውን ይዞ ወደ አገሩ ለመመለስ የሚያስብ ሰው፣ መቆሚያው እስከዚህ ድረስ ዝቅ ማለት መቻሉን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባዋል።

እንቅስቃሴውን የሚያከናውነው ስቴፐር ሞተር ነው። ይህ ሞተር እንደ ሌሎች ሞተሮች ያለማቋረጥ አይሽከረከርም፤ በተቆጠረ እርምጃ ይንቀሳቀሳል። የተለመደው ዓይነት አንድ ዙር የሚሞላው በ200 እርምጃ ነው። ሞተሩን የሚነዳው ትንሽ ሰሌዳ እያንዳንዱን እርምጃ በ16 ሊከፋፍለው ይችላል። ሞተሩ ፍጥነትን በ3 እጥፍ በሚቀንስ ቺንጋ አማካይነት ባለ 144 ጥርስ ማርሽ ካለው መቆሚያ ጋር ቢያያዝ፣ ቴሌስኮፑ አንድ ሙሉ ዙር እንዲዞር 1,382,400 ጥቃቅን እርምጃዎች ያስፈልጋሉ። ይህ ቁጥር አንድ ዙር ለሚፈጀው 86,164 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 16 ያህል እርምጃ ይሆናል። በዚህ ስሌት እያንዳንዱ እርምጃ ከአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል እንኳ ያነሰ ነው።

እርምጃውን የሚቆጥረው ማይክሮኮንትሮለር ነው። በ2005 በጣሊያኗ ኢቭሬያ ከተማ የተጀመረው አርዱዊኖ ይህን ዓይነት ሰሌዳ ለተማሪዎችና ለአማተሮች ቀላል አድርጎታል። ለቴሌስኮፕ መቆሚያ ተብሎ የተዘጋጀው ኦንስቴፕ የተባለው ፕሮግራምም ማንም ሰው ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው በሚችልበት ሁኔታ በነጻ ይሰራጫል። ካሜራውን፣ መቆሚያውንና የሌንስ ማስተካከያውን አንድ ላይ ለማስተባበር ደግሞ በ2012 ለገበያ የቀረበውን ራስፕቤሪ ፓይን የመሰለ ትንሽ ኮምፒውተር በቂ ነው። ባለቤቱ በዋይፋይ ወይም በኢንተርኔት አማካይነት ከስልኩ ወይም ከላፕቶፑ ትእዛዝ ይሰጣል። የማርሽ ጥርሶች ፍጹም ስላልሆኑ፣ ሁለተኛ ትንሽ ካሜራ አንድን ኮከብ እየተከታተለ የሚታየውን መዛባት በየጥቂት ሰከንዱ ያስተካክላል።

ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ የቴሌስኮፑ ቱቦ በጥቂቱ ይኮማተራል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። ስለዚህ በማጥሪያው ቁልፍ ላይ ሌላ ትንሽ ሞተር ይገጠማል፤ የሙቀት መለኪያ ሲታከልበት መሣሪያው ራሱ ምስሉን መልሶ ያጠራል።

በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ከዚህ የባሰ ችግር የሚሆነው ጤዛ ነው። ሌንሱ ወደ ጠፈር ሙቀቱን እየለቀቀ ከአየሩ በታች ሲቀዘቅዝ እርጥበት ይሸፍነዋል፤ የሌሊቱም ድካም ከንቱ ይቀራል። መከላከያው ቀላል ነው። 12 ሬዚስተሮች፣ እያንዳንዳቸው 330 ኦም የሆኑ፣ በትይዩ ተበይደው በሌንሱ ዙሪያ ሲታሰሩና ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ሲገናኙ 5 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣሉ። እያንዳንዱ ሬዚስተር ግማሽ ዋት የሚጠጋ ኃይል ስለሚሸከም 1 ዋት የሚችለውን መምረጥ ይበጃል። ሙቀቱ ከመጠን ካለፈ በሌንሱ ፊት ያለው አየር ስለሚታወክ፣ በማይክሮኮንትሮለር በሚታዘዝ ትራንዚስተር ይመጠናል።

የኃይል አቅርቦቱም በስሌት ይታቀዳል። መሣሪያዎቹ በአንድነት 2.5 አምፔር የሚወስዱ ከሆነ ለ8 ሰዓት 20 አምፔር-ሰዓት ያስፈልጋል። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዲወርድ ስለማይመከር፣ 40 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ መያዝ ተገቢ ነው። ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ማስገባት ፈጽሞ ሊዘነጋ አይገባም፤ ሽቦ ቢነካካ ከቃጠሎ የሚያድነው እርሱ ነውና።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ግን ግንኙነቱ ሲቋረጥ የሚሆነው ነው። ባለቤቱ በሌለበት ሞተሩ መዞሩን ቢቀጥል ካሜራው ከመቆሚያው እግር ጋር ሊጋጭ ይችላል። ቴሌስኮፑ ክፍት እንደሆነ ቢነጋና ፀሐይ በፊቱ ብታልፍ ደግሞ የተሰበሰበው ብርሃን ካሜራውን ሊያቃጥል፣ አልፎም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ያለ ሰው ትእዛዝ ራሱን ማዳን መቻል አለበት። በዘንጉ ላይ የሚገጠም የወሰን ማብሪያ ማጥፊያ ሞተሩን ያቆመዋል። በማይክሮኮንትሮለሩ ላይ የተጫነ የሰዓት ገደብ ከንጋት በፊት ቴሌስኮፑን ወደ ማረፊያው ይመልሰዋል። ኮምፒውተሩ ምላሽ መስጠት ካቆመም ከእርሱ ተለይቶ የሚሠራ ሪሌይ ኃይሉን አጥፍቶ ያበራዋል።

ለጀማሪ የሚመከረው በትንሹ መጀመር ነው፤ በመጀመሪያ የጤዛ መከላከያውን፣ ቀጥሎ የማጥሪያውን ሞተር፣ በመጨረሻም የመቆሚያውን መቆጣጠሪያ። ሥራው ሁሉ በ12 ቮልት ተወስኖ፣ የቤት መስመርን የሚነካው ክፍል ለባለሙያ ሊተው ይገባል። ወደ በረሃ ከመውጣት አስቀድሞም በቤት ውስጥ አንድ ሙሉ ሌሊት መፈተንና የኢንተርኔት መስመሩን ሆን ብሎ መንቀል ያስፈልጋል። በዚያ ፈተና ራሱን አቁሞ ወደ ማረፊያው የተመለሰ መሣሪያ ካለ፣ ባለቤቱ ያለ ስጋት ሊተኛ ይችላል።