የአጋሮው ፎቶ የት ገባ?

አጋሮ አካባቢ ያለ የአንድ ቡና አምራቾች ማኅበር ጸሐፊ ስልኩን ይዞ ከማሳ ማሳ ይዞራል እንበል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ ቡናው የበቀለበት ቦታ በካርታ ላይ እንዲታወቅ ይጠይቃል። እስከ 4 ሄክታር ላለ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ለሚበልጠው ዙሪያው መለካት አለበት። ጸሐፊው ነጥቡን ይመዘግባል፣ የማሳውን ፎቶ ያነሳል፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ወደ ክላውድ ይልካል። ፎቶው የት ገባ?

ጅማ ባለው የምርት ገበያ መጋዘን ቡና ያስረከበ ሰው የመልሱን ግማሽ ያውቀዋል። ጆንያው የትኛው ክምር ላይ እንዳረፈ አይጠይቅም፤ ደረሰኙ ኪሱ ውስጥ ነው። ክላውዱም እንደዚሁ በስም ይረከባል፣ ስሙ ሲጠራ ይመልሳል። ልዩነቱ፣ ከመጋዘን የሚወጣው ደረጃው ተመሳሳይ የሆነ ቡና ነው፤ ከክላውዱ የሚመለሰው ግን ያው የራሳችሁ ፎቶ ነው፣ ሳይሸራረፍ።

አቀማመጡ «ኦብጀክት ስቶሬጅ» ይባላል። ፋይሉ፣ ስሙ እና ስለ ፋይሉ የሚናገረው መረጃ አብረው ታስረው አንድ ኦብጀክት ይሆናሉ፤ መያዣው ደግሞ ባኬት ነው። «ጎማ/ማሳ117/ፎቶ1» የሚል ስም ስታዩ ፎልደር በፎልደር ውስጥ ያለ ይመስላችኋል። የለም፤ ከነጭረቱ አንድ ረጅም ስም ነው። ፋይሉን ከመሀሉ ቆንጥሮ ማረምም አይቻልም፤ የታረመው ሙሉውን ይተካዋል።

ዲስክ ይበላሻል፣ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ፋይሉ በአንድ ማሽን ላይ አይተውም። ቀላሉ ዘዴ ሦስት ቦታ መገልበጥ ነው፤ ግን ሦስት እጥፍ ቦታ ይበላል። ብልሁ ዘዴ ሒሳብ ነው። አንዱ ማሽን 7ን፣ ሌላው 5ን፣ ሦስተኛው ድምራቸውን 12ን ይያዝ። 7ን የያዘው ቢቃጠል ከ12 ላይ 5 ሲቀነስ 7 ተመልሶ ይገኛል። ሁለቱንም ቁጥር መገልበጥ ቢሆን አራት ማሽን ይፈጅ ነበር። እውነተኛው ስሌት ከዚህ ይወሳሰባል፤ ሐሳቡ ግን ይኸው ነው።

አማዞን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 የጀመረው «ኤስ ስሪ» የተባለው የክላውድ ማስቀመጫ በመደበኛ አሠራሩ ፋይሉን ተራርቀው በቆሙ ቢያንስ ሦስት የማዕከላት ቀጠናዎች ይበትነዋል። በዓመት ውስጥ 99.999999999 በመቶ እንዳይጠፋ ተብሎ የተሠራ ነው። ቁጥሩ ያስደምማል፣ ግን ያዘናጋል። የሚመክተው የማሽን ብልሽትን እንጂ የሰው ጣትን አይደለም። ጸሐፊው ተሳስቶ «አጥፋ» ቢል ትእዛዙ የተበተነውን ሁሉ ያጠፋል።

መድኃኒቱ የቀድሞውን ቅጂ የሚያስቀር ምርጫ ነው። ለማኅበራችሁ ባኬት የከፈተውን ባለሙያ ይህን ምርጫ ማብራቱን ጠይቁት፤ አዲስ የአማዞን ባኬት ሲፈጠር ጠፍቶ ነው የሚመጣው።