ለቢጫ ቅጠል ሁሉ መድኃኒቱ ዩሪያ አይደለም

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ የቡናው ቅጠል ሲገረጣ፣ ከፍ ባለው ደጋም ስንዴው ቢጫ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚታሰበው ዩሪያ ነው። ቀርቦ ላየው ግን ቢጫው ቢያንስ ሁለት ዓይነት ነው። ናይትሮጅን ሲያጥር አሮጌው ቅጠል ወጥ ሆኖ ይገረጣል። ማግኒዚየም ሲያጥር ግን የቡናው ቅጠል ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ በመሐላቸው ያለው ብቻ ቢጫ ይሆናል፤ የስንዴውም ቅጠል ወደ ፀሐይ ተይዞ ሲታይ አረንጓዴ ነጠብጣቦች እንደ ጨሌ ተደርድረውበት ይገኛሉ። ይህን ልዩነት ያላየ ገበሬ የማይሠራለትን ማዳበሪያ ይገዛል። ማግኒዚየም የክሎሮፊል እምብርት ነው፤ ቅጠሉ ያዘጋጀው ስኳር ወደ ሥር የሚወርደውም በእሱ አጋዥነት ነው። ስኳር ያልደረሰው ሥር ይቀጭጫል፣ ናይትሮጅን መሳብም ያቅተዋል። ከአንድ ኩንታል ዩሪያ የሚገኘው 46 ኪሎ ናይትሮጅን ሳቢ ሲያጣ ከፊሉ በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል። በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚወርድበት ደቡብ ምዕራብ ደግሞ ቀዩ አፈር ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ለዘመናት ሲታጠብ ኖሮ ኮምጥጧል፤ ዩሪያ ሲደጋገምበትም ይበልጥ ይኮመጥጣል። የብር ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ማዳበሪያ እንዲህ ሲባክን ማየት ያሳዝናል።

በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር ካርታ ሥራ ያጎላው ድኝን፣ ቦሮንንና ዚንክን ነው፤ ማግኒዚየም ከየት መጣ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመሐል አገሩ ጥቁር አፈር በአብዛኛው ማግኒዚየም አያጣም፤ እዚያ መጨመር ገንዘብ መበተን ነው። የአገር ሥዕል ግን በዝናብ የታጠበን የአንድ ቀበሌ ማሳ አይገልጽም። ይበልጥ የሚከብደው አሲዳማውን አፈር የሚያክመው የኖራ ጉዳይ ነው፤ ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ያስፈልጋል፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ሆኖም ኖራው መጓጓዙ ካልቀረ፣ ተራውን የካልሲየም ኖራ የሚጭን መኪናና ማግኒዚየም ያለበትን የዶሎማይት ኖራ የሚጭን መኪና የሚያቃጥሉት ነዳጅ እኩል ነው። ንጹሕ ዶሎማይት 13 በመቶ ያህል ማግኒዚየም ይዟል። ማግኒዚየም ባነሰበት አፈር ላይ የካልሲየም ኖራ ብቻ መድፋት ግን ሚዛኑን የባሰ ሊያዛባው ይችላል። ስለዚህ የዞን ግብርና መምሪያዎች ኖራ ሲያዝዙ ዓይነቱን ጭምር ይግለጹ፤ የአፈር ላቦራቶሪዎችም ከአሲዳማነቱ ጋር ማግኒዚየሙን ይለኩ። ቢጫ ቅጠል ያየ ገበሬም ሁለተኛ ዙር ዩሪያ ከመበተኑ በፊት አፈሩን ያስመርምር።