ርዕደ መሬትን ለማጥናት ርዕደ መሬት መጠበቅ ግድ ነው?

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ በፎቅ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ንዝረት ተሰምቷቸው ወደ ውጭ ወጡ። በቀጣዮቹ ወራት ደግሞ ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለሳ አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ቀዬአቸውን ለቀው ሄዱ። ያን ሰሞን ባለሙያ በተገኘበት ሁሉ የሚነሣው ጥያቄ “ቀጣዩ መቼ ነው?” የሚል ነበር። ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጦ የሚናገር ሳይንስ ያኔም አልነበረም፤ ዛሬም የለም።

ይህን ለማመን የሚቸገር ሰው የፓርክፊልድን ታሪክ ቢያይ ይበቃዋል። ፓርክፊልድ ካሊፎርኒያን አቋርጦ በሚያልፈው የሳን አንድሪያስ ስብራት ላይ ያለች ትንሽ የገጠር መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1857፣ በ1881፣ በ1901፣ በ1922፣ በ1934 እና በ1966 መጠናቸው 6 ገደማ የሆኑ ርዕደ መሬቶች ስለደረሱባት፣ የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በ1985 ቀጣዩ ከ1993 በፊት እንደሚመጣ አስታወቀ። አካባቢው በመመዝገቢያ መሣሪያ ተሞላ። 1993 ግን በሰላም አለፈ። የተጠበቀው ርዕደ መሬት የመጣው ሴፕቴምበር 28 ቀን 2004 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ በቅርብ ርቀት ተተክለው ሲጠብቁት ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱም አስቀድሞ ግልጽ ምልክት አላሳየም።

ትንበያው ከሸፈ፤ መሣሪያዎቹ ግን ሥራቸውን አላቆሙም። እንዲያውም ትልቁ ትርፍ የተገኘው ምንም ነገር በማይታይባቸው ቀናት ከተመዘገበው ንዝረት ነው።

መሬት አንድም ቀን ጸጥ ብላ አታውቅም። የውቅያኖስ ማዕበል የባሕሩን ወለል ሌት ተቀን ይገፋዋል፤ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጡ ማዕበሎች ሲጋጩ የሚፈጠረው ግፊት እስከ ታች ይወርድና በዐለት ውስጥ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛል። ከባሕር ርቆ ደጋ ላይ የተተከለ መሣሪያ እንኳ ይህን በየጥቂት ሰከንዱ የሚመላለስ ደካማ ንዝረት ይመዘግባል። መኪና፣ ፋብሪካና ነፋስ ደግሞ ፈጠን ያለውን ይጨምሩበታል። ለረጅም ዘመን ይህ ሁሉ ትክክለኛውን ምልክት የሚሸፍን ጫጫታ ተብሎ ከመዝገብ ሲወገድ ኖሯል።

ጃፓናዊው ኬይቲ አኪ በ1957 (እ.ኤ.አ.) ከዚህ ጫጫታ ስለ ከርሰ ምድር ማወቅ እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። ሐሳቡ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ የኮምፒውተር አቅምና ያለማቋረጥ የሚመዘግቡ ጣቢያዎች ሲበራከቱ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ጣቢያዎች በተራራቀ ቦታ ይተከላሉ። በአንደኛው ሥር ያለፈ ሞገድ ጥቂት ቆይቶ በሁለተኛው ሥር ያልፋል። በሁለቱ የተመዘገበው የወራት ንዝረት ጎን ለጎን ተደርጎ ሲነጻጸር፣ እንደ አጋጣሚ የመጣው እርስ በርሱ ይጣፋና ለሁለቱም የጋራ የሆነው፣ በተወሰነ የጊዜ ልዩነት የሚደጋገመው ብቻ ጎልቶ ይወጣል። ያ ልዩነት ሞገዱ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ለመድረስ የፈጀው ጊዜ ነው። በሌላ አነጋገር፣ አንደኛው ጣቢያ ላይ ርዕደ መሬት ደርሶ ሁለተኛው የመዘገበው ያህል መረጃ ይገኛል፤ ያውም ማንም ሳይጎዳ።

በስብራት መስመር ግራና ቀኝ ያለው ዐለት ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲፈጭና ሲሰነጣጠቅ የኖረ በመሆኑ ሞገድ በውስጡ ቀስ ብሎ ይጓዛል። ስለዚህ ፍጥነቱን የለካ ሰው የስብራቱን ስፋትና ጥልቀት መሳል ይችላል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች በደቡብ ካሊፎርኒያ በሳን ሃሲንቶ ስብራት ላይ፣ ርዝመቱም ወርዱም 600 ሜትር በሆነ ቦታ 1,108 መሣሪያዎችን ተክለው ከወር በላይ አቆዩ። በአንዳንድ መሣሪያዎች መካከል የነበረው ርቀት 10 ሜትር ብቻ ነበር። ቆየት ብሎም በዚያው ስብራት ላይ፣ በኮቼላ ሸለቆ የሚያልፉ የጭነት ባቡሮች የሚያስነሡት ንዝረት ጥልቁን ዐለት ለመከታተል ውሏል።

ወደ ፓርክፊልድ እንመለስ። ፍሎራን ብራንጊዬና የሥራ ባልደረቦቹ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት በ13 ጣቢያዎች ከአምስት ዓመት በላይ የተመዘገበውን ጫጫታ መርምሯል። ከ2004ቱ ርዕደ መሬት በኋላ የሞገዱ ፍጥነት ከ0.1 በመቶ ባነሰ መጠን ቀነሰ፤ ከዚያም ዓመታት ወስዶ ቀስ በቀስ አገገመ። የተጎዳ ስብራት ጉዳቱም ማገገሙም ከላይ ሆኖ ሲለካ ማየት፣ በእኔ ግምት፣ ከብዙ የትንበያ ተስፋ ይበልጣል። ጥንቃቄ ግን ያሻል፤ ዝናብና የከርሰ ምድር ውኃም ይህን ፍጥነት ይለውጣሉ፤ የማዕበሉ ምንጭ ከወቅት ወቅት መቀያየርም የሌለ ለውጥ ያለ ሊያስመስል ይችላል።

በእኛም አገር ዘዴው እንግዳ አይደለም። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት በሰሜናዊው ስምጥ ሸለቆና በአፋር በተለያየ ጊዜ የተተከሉ ጣቢያዎችን ጫጫታ ተጠቅሞ፣ ሞገድ ከስምጡ ሥር ብቻ ሳይሆን ከደጋው ሥርም እንደሚዘገይ አሳይቷል፤ ይህም በጥልቁ ቅልጥ ዐለት መኖሩን ይጠቁማል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ምድሪቱን ያናወጣትም በስንጥቅ ውስጥ የገባ ቅልጥ ዐለት ነው።

ይህ ዘዴ ውድ መሣሪያ ሳይሆን ያልተቋረጠ መዝገብ ይፈልጋል። የጣቢያው ባትሪ ካለቀ ወይም መረጃው ሳይቀመጥ ከቀረ፣ ምድሪቱ በዚያ ጊዜ ምን ያህል እንደተለወጠች መልሶ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ለርዕደ መሬት ጥናት በጀት የሚመድቡ ሁሉ ገንዘቡን መሬት በተንቀጠቀጠ ሰሞን ብቻ አይፍቀዱ፤ ጣቢያዎቹ ምንም በማይሰማባቸው ዓመታትም ይሥሩ፣ የመዘገቡትም ሁሉ ይቀመጥ።