ስናድር ንጹሕ እርሳስ፣ ማርቲኒ ቆርቆሮ ያለበት

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት ዓላማው አድዋ የዘመቱትን ጀግኖችና ፈረሶቻቸውን መዘከር ነበር። በዓሉ ጥር 23 ቀን ሲከበር በጥርባም በእንጅባራም ስለ ፈረሱ ብዙ ይወራል፤ ስለ ጠመንጃው ጥቂት፣ ስለ አረሩ ግን ምንም አይባልም ማለት ይቻላል። የጥቁር ባሩድ ዘመን አረር እንዲያው የቀለጠ እርሳስ ብቻ አልነበረም። እርሳሱ ላይ ምን ያህል ቆርቆሮ እንደሚጨመር የሚወስነው ጠመንጃው ነው። ቆርቆሮ ሲባል የቤት ክዳኑ አይደለም፤ ሬዲዮ ጠጋኞች ለብየዳ የሚያቀልጡት ነጭ ብረት ነው።

ባሩድ ሲነድ ግፊቱ የአረሩን መቀመጫ በድንገት ይመታል። አረሩ ለስላሳ ከሆነ ወገቡ ይነፋና በበርሜሉ ውስጥ የተቀረጹትን ጠምዛዛ ቦዮች ይሞላል። ጋዙ መውጫ ያጣል፤ አረሩም እየሾረ ይወጣል። ከመጠን በላይ ከጠነከረ አይነፋም፤ ጋዙ በጎኑ ያፈተልካል፣ ተኩሱም ዒላማውን ይስታል። ከመጠን በላይ ከለሰለሰ ደግሞ እየተላጠ በቦዮቹ ላይ ይለጠፋል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የገጠመው የእንግሊዝ ጦር የያዘው ስናድር የተባለ ጠመንጃ ነበር። የስናድር አረር ከንጹሕ እርሳስ የተሠራ፣ ክብደቱ 31 ግራም ያህል፣ መቀመጫው ክፍት ነው። ጋዙ ክፍት መቀመጫውን ወደ ውጭ እንዲለጥጠው ታስቦ ስለተሠራ ቆርቆሮ ቢጨመርበት ዘዴው ይበላሻል።

ከዚያ የመጣው ማርቲኒ ሄንሪ ክብደቱ ያንኑ ያህል የሆነ፣ ግን ቀጠን ብሎ የረዘመ አረር ይተኩሳል። ረጅም አረር ሲተኮስ ቅርጹን እንዳያጣ እንግሊዞች 12 እጅ እርሳስ ላይ 1 እጅ ቆርቆሮ ጨመሩ። 1 ኪሎ ከ200 ግራም እርሳስ 100 ግራም ቆርቆሮ ይፈልጋል ማለት ነው። ቆርቆሮው ሌላም ጥቅም አለው፤ የቀለጠውን ብረት እያቀጠነ የቅርጽ ማውጫውን ጥግ በሚገባ ያስሞላዋል። ዛሬ በጥንታዊ ጠመንጃ ዒላማ የሚተኩሱ ብዙዎች ከ1 ለ16 እስከ 1 ለ20 ባለው መጠን ይቀይጣሉ።

አንቲሞኒ የተባለው ማዕድን እርሳስን ከቆርቆሮ የበለጠ ያጠነክራል፤ የማተሚያ ቤት ፊደል የሚቀረጸውም ከእርሳስ፣ ከአንቲሞኒና ከቆርቆሮ ነበር። ለጥቁር ባሩድ ግን ይህ ቅይጥ ከልክ በላይ ደረቅ ነው። ያረጀ የመኪና ባትሪም አይመከርም፤ ምን እንደተቀየጠበት አይታወቅም፣ ሲቀልጥም መርዛማ ጋዝ ሊወጣው ይችላል። ለስላሳ እርሳስ የሚለየው በጥፍር ሲጫር ነው፤ ምልክት ካልያዘ ንጹሕ አይደለም።

በኢትዮጵያ ችግሩ የጠመንጃው ብዛት ነበር። በ1868 ዓ.ም. በጉንዴትና በጉራዕ ከግብፆች የተማረከው ሬሚንግተን፣ ከፈረንሳይ የመጣው ውጅግራ፣ ስናድሩም፣ የጣሊያኑ ቬተርሊም እየተቀላቀሉ ለአድዋ ደረሱ። የውጅግራ አረር ስፋቱ 11 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 25 ግራም ሲሆን በወረቀት ተጠቅልሎ ስለሚተኮስ እርሳሱ የበርሜሉን ብረት አይነካም። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ በአንድ ድስት የቀለጠ ቅይጥም ለሁሉም እኩል አይስማማም።

የአድዋ ጦርነት በተደረገበት በ1888 ዓ.ም. አውሮፓ ጢስ አልባ ባሩድ ከያዘ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። አዲሱ ባሩድ አረሩን ከቀድሞው አብልጦ ስላፈጠነው የትኛውም የእርሳስ ቅይጥ ቦዮቹን ይዞ መዞር አቃተው። መፍትሔው እርሳሱን የመዳብ ቅይጥ ልብስ ማልበስ ሆነ፤ የእርሳሱ ልስላሴም የሠሪው ዋና ጭንቀት መሆኑ ቀረ።