ተጨማሪ መረጃ፦ የጤፍ ዱቄቱ ፓተንት

የፓተንት መርማሪ አጥብቆ የሚያነበው ጥበቃ የተጠየቀበትን ነገር የሚወስኑትን ዓረፍተ ነገሮች ነው። «ጥሩ ዱቄት» ቢባል አይቀበልም፤ ጥሩነቱ በምን ይለካል? በአውሮፓ የተሰጠው የጤፍ ዱቄት ፓተንት ልኬት ነበረው፦ እህሉ ሲፈጭ «የመውደቂያ ቁጥሩ» ቢያንስ 250 መሆን አለበት ይላል። ይህም በውሃ ተበጥብጦ በሚሞቅ ዱቄት ውስጥ ዘንግ ሰምጦ ታች እስኪደርስ የሚፈጀው ሴኮንድ ነው።

ግልጽ መሆኑ ግን አይበቃም። በሙያው የሠለጠነ ሰው ቀድሞ ከሚታወቀው ተነስቶ ያለ ብዙ ድካም ይደርስበት ነበር ወይ? ለእኛ ለጤፍ አብቃዮቹ ይህ ጥያቄ ፓተንቱ ከመሰጠቱ በፊት ጠንክሮ መነሳት ነበረበት። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ነገሩን መርምሮ የፈጠራ ብልሃት የለበትም ሲል ፓተንቱን ውድቅ አደረገው። ፍርዱ የጸናው በኔዘርላንድስ ብቻ ነው።